የሚስትህን ደመወዝ እወቅ

ልጄ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ የቪዛ ቀንህን መጠባበቅ ስለ ጀመርህ ጥቂት ነገር ልምከርህ። አንተ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆመህ እንግዳ ስታስጎበኝ ያደግህ የላሊበላ ልጅ ነህ፤ ሚስትህ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። በላስታ እንዳንተ ያለ ሰው ዛሬ በየሰፈሩ አለ፤ ለገና ከመጣች ልጅ ጋር ተዋውቆ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ተጋብቶ፣ ፕሮሰሱ ተጀምሮለት የሚጠብቅ። ፎርም እንዳነብለት ወደ እኔ የሚመጣው ሁሉ የሠርግ ፎቶውን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የስልክ ልውውጡን አሳምሮ አሰናድቶ ነው። የገንዘቡን ክፍል ስጠይቀው ግን "እሱን እሷ ታውቀዋለች" ይለኛል። አንተ ይኸን እንዳትል ነው የምመክርህ።

1. ይሉኝታህን ትተህ ደመወዟን ጠይቃት። ለምን እንደሚከብድህ አውቃለሁ። በ2012 መጋቢት ኮሮና እንግዳውን አስቀረብን፤ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ገባ፤ ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ መንገዱም ኔትወርኩም ሲከፈት ሲዘጋ ከረመ። ያንተ ሥራ እንደ ድሮው አልሆነም፤ የቤት ኪራይህን እሷ እየላከችልህ ነው። ባል አምጪ ነው ተብሎ ላደገ ልጅ ከሚስቱ እጅ እየበሉ "በዓመት ስንት ታገኛለሽ?" ማለት አንገት ያስደፋል። "ገንዘቤን ይቆጥራል" እንዳትልህም ትሰጋለህ።

ነገር ግን ቃለ መጠይቁ ላይ የምትቆመው አንተ ብቻህን ነህ። ጠያቂው "ሚስትህ የት ነው የምትሠራው? ስንት ታገኛለች? ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ስፖንሰርህ ማን ነው?" ብሎ ቢጠይቅህ "ደኅና ታገኛለች" ማለት መልስ አይሆንም። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። ገንዘቡን አለማወቅህ ትዳሩንም ያስጠረጥራል፤ ሚስቱ በሳምንት ስንት ቀን ሌሊት እንደምትገባ የማያውቅ ባል ምን ዓይነት ባል ነው ይባላል። አጠያየቁን ግን እወቅበት። "ስንት አለሽ?" አትበላት። "የስፖንሰርነቱን ፎርም ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ፣ አብረን መስመር በመስመር እንየው" በላት። እንዲህ ያላት ባል ገንዘብ ቆጣሪ አይባልም።

2. የምትፈርምልህን ወረቀት ክብደት እወቅ። ፎርሙ አይ-864 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሕግ ያመጣው ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ነው። እዚህ አንድ ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር ዋስ አምጣ ይባል የለም? ይኸም እንደዚያው ነው፤ ዋስትናው ግን ከመንግሥት ጋር የሚገባ ውል ነውና በቀላሉ አይወርድም። የሚያበቃው አንተ የአሜሪካ ዜጋ ስትሆን፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ጊዜ ሲቆጠርልህ፣ ወይም ግሪን ካርድህን ትተህ አገሩን ጨርሰህ ስትለቅ፣ ወይም ከሁለት አንዳችሁ ስትሞቱ ነው።

ፍቺ የለበትም። ብትፋቱ እንኳ እሷ ዋስህ እንደሆነች ትቀራለች። ለድሃ የሚሰጥ የመንግሥት እርዳታ ብትወስድ የሰጠው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከእሷ ሊጠይቅ ይችላል፤ አንተም ራስህ ፍርድ ቤት ልትከስሳት ትችላለህ። ይኸን የነገርሁህ መብትህን እንድትቆጥር አይደለም። አንዲት ሴት በሌሊት ፈረቃ አዛውንት እያገላበጠች ያገኘችውን ገንዘብ አስይዛ ስምህ ሥር ስትፈርም ምን እንዳደረገችልህ እንድታውቅ ነው።

3. ቁጥሩን በቃልህ ያዝ። የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ የድህነት መለኪያ ያወጣል፤ ስፖንሰር የዚያን 125 በመቶ ማሟላት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2025 ሠንጠረዥ፣ ከአላስካና ከሃዋይ በቀር፣ ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር፣ ለሦስት 33,312፣ ለአራት 40,187 ነው፤ ከዚያ በላይ በያንዳንዱ ሰው 6,875 ይጨመራል። በየዓመቱ ስለሚታደስ ፎርሙ የሚሞላበትን ጊዜ ሠንጠረዥ ተመልከቱ። ሚስትህ በአሜሪካ ጦር ውስጥ በመደበኛ አገልግሎት ላይ ብትሆን ኖሮ መቶ በመቶው ይበቃት ነበር።

ሰው የሚሳሳተው ብሩን ሳይሆን የቤተሰቡን ብዛት ሲቆጥር ነው። እሷ አንድ፣ አንተ ሁለት። ልጅ ካላት ይጨመራል። ታክስ ስትሞላ በጥገኛነት ያስመዘገበችው ሰው ካለ ይጨመራል። ብዙ ቤተሰብ የሚረሳው ደግሞ ይኸን ነው፦ ከዓመታት በፊት እናቷን በዚሁ ፎርም ፈርማ ወስዳ ከሆነና ያ ዋስትና ገና ካላበቃ፣ እናቷ ሌላ ቤት ቢኖሩም ይቆጠራሉ። ሁለት ነን ስትሉ ሦስት ትሆናላችሁ፤ ልዩነቱ የአንድ ሰው የወራት ደመወዝ ነው። አብሯት በኪራይ የሚኖር ጓደኛ ግን አይቆጠርም።

ይኸ የአሜሪካው ነው። ሚስቱ እንግሊዝ አገር ላለችው ጓደኛህ ሂሳቡ ሌላ ነው፤ እዚያ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 29,000 ፓውንድ ሆኗል፣ ቀድሞ 18,600 ነበር። ካናዳ ያለችው ደግሞ ከኬቤክ በስተቀር ለባል ወይም ለሚስት ብቻ ከሆነ በጥቅሉ የገቢ ወለል የላትም፤ የሦስት ዓመት ኃላፊነት ግን ትፈርማለች። አንዱ የነገረህን ለሌላው አገር አታውለው። ቡና ላይ በሚወራ ምክር ፋይል የተበላሸበትን ሰው አይቻለሁ።

4. የምትልክልህ ገንዘብ የገቢ ማስረጃ አይደለም። በየወሩ የላከችልህን ደረሰኝ ሁሉ ሰብስበህ ይዘሃል፤ ደግ አድርገሃል፣ እሱ የትዳር ማስረጃ ነው። ገቢዋን የሚያሳየው ግን የታክስ ወረቀቷ ነው። ቅጥር ሠራተኛ ስለሆነች ዓመቱ ሲያልቅ አሠሪዋ ደብሊው-2 የሚባለውን የደመወዝና የታክስ መግለጫ ይሰጣታል፤ ሁለት ቦታ የምትሠራ ከሆነ ሁለት ይኖራታል፣ ሁለቱም ይደመራሉ። የታክሷን ማጠቃለያ፣ ማለትም ትራንስክሪፕቱን፣ ከአሜሪካው ግብር መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ በነፃ ታወጣለች። የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶችና ከመቼ ጀምሮ በስንት እንደምትሠራ የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ ይጨመሩበት። ገቢዋ በሙሉ ከደብሊው-2 ብቻ ከሆነና የምትወስደው አንተን ብቻ ከሆነ አይ-864 ኢዚ የሚባለው አጭሩ ፎርም ይበቃታል።

አምና ግማሽ ዓመት ብቻ ሠርታ ታክሷ አነስ ብሎ ቢታይ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ፎርሙ የሚጠይቀው የአሁኑን ዓመታዊ ገቢ ነው፤ ታክሱ ምስክር ነው። ዛሬ የተረጋጋ ሥራ ካላት የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀትና የአሠሪ ደብዳቤ ሊያስረዱላት ይችላሉ። በምግብ ካርድ ወይም በመሳሰለው የድሃ እርዳታ የምታገኘው ግን በገቢነት አይቆጠርም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። ወረቀት ያረጃል። እሷ ፎርሙን ኤንቪሲ ለሚባለው የቪዛ ማዕከል አስገብታ፣ ሰነዱ ተሟልቷል ተብሎ፣ ከዚያ አንተ አዲስ አበባ እስክትጠራ ወራት አንዳንዴም ዓመት ያልፋል። በመካከሉ ሥራ ትቀይራለች። በመካከሉ በእነሱ አቆጣጠር ሚያዝያ (ኤፕሪል) 15 ያልፍና አዲስ የታክስ ዓመት ይመጣል። ቀጠሮህ እንደ ደረሰህ በዚያው ሳምንት አዲሱን ትራንስክሪፕት፣ የመጨረሻዎቹን የደመወዝ ወረቀቶችና አዲስ ደብዳቤ አስልክ። ሥራ ቀይራ ከሆነ ፎርሙም እንደ አዲስ ይሞላ። አትመህ በእጅህ ይዘህ ግባ።

5. ጆይንት ስፖንሰር የምትመርጡት በወረቀቱ እንጂ በመኪናው አይደለም። የእሷ ገቢ ካልደረሰ፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላውና አሜሪካ የሚኖር ሌላ ሰው በራሱ ፎርም ይፈርማል። ዘመድ መሆን የለበትም። እሷ ግን ምንም ዝቅተኛ ገቢ ቢኖራት፣ ጨርሶ ባይኖራትም፣ የራሷን ፎርም መፈረሟ አይቀርም። ይኸን የማያውቅ ብዙ ነው፤ ሌላ ሰው ተገኘ ተብሎ የእሷ ወረቀት ይቀራል፣ ፋይሉም እዚያው ይቆማል።

አሁን የአጎቷን ልጅ እናንሳ። ቨርጂኒያ ኡበር ይነዳል፣ ቤት አለው፣ ባለፈው ለገና ሲመጣ ሰው ሁሉ "ሀብታም ሆኗል" ብሏል። ሁላችሁም ስፖንሰር ይሆናል ብላችሁ ተቀምጣችኋል። እስቲ አብረን እናስላው። ለምሳሌ መተግበሪያው በዓመት 70,000 ዶላር ገባለት ይበል። ከዚያ ላይ ድርጅቱ የሚቆርጠው 18,000 ይሁን። በዓመት 45,000 ማይል ነድቶ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2024 አይአርኤስ በማይል 67 ሳንቲም እንዲቀንስ ይፈቅድለታል፤ 30,150 ዶላር መሆኑ ነው። የቀረው 21,850 ነው። ሕጋዊ ነው፣ ግብሩም ቀንሶለታል። ነገር ግን የታክስ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ገቢው ይኸ 21,850 ነው፤ ኤምባሲውም የሚያየው ይኸንኑ ነው። እሱ፣ ሚስቱ፣ ሁለት ልጆቹና አንተ አምስት ናችሁ፤ በ2025ቱ ሠንጠረዥ የሚፈለግበት 47,062 ነው። የተከበረ፣ ቸር፣ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ ወረቀቱ ግን አይበቃም።

ይኸን ዛሬ ካወቃችሁ መላ አለው። ሚስቱ ነርስ ከሆነችና ደብሊው-2 ካላት፣ አይ-864 ኤ የሚባለውን ፈርማ ገቢዋን ከእሱ ጋር ታዳምራለች። ካልሆነም አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር የመጋዘን ሠራተኛ፣ 40,000 ዶላር በደብሊው-2 የሚያገኝ ጎረምሳ፣ ከባለ ቤቱ ይሻላችኋል። ቃለ መጠይቅህ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ብታውቁት ግን ሰው ፍለጋ በስልክ ትዋከባላችሁ፤ ያን ጊዜ የሚገኘው ሰው በፍርሃት የሚፈርም ነው።

ስትለምኑትም እውነቱን ንገሩት። "ፊርማ ብቻ ናት" አትበሉት፣ ፊርማ ብቻ አይደለችም። ከላይ በሁለተኛው የነገርሁህን ሁሉ፣ ፍቺ እንደማያወርደው፣ አድራሻ ሲቀይር በ30 ቀን ማሳወቅ እንዳለበት፣ ወደፊት የራሱን ወንድም ሲያመጣ አንተ በቤተሰቡ ቁጥር ውስጥ እንደምትገባ ጭምር ይስማ። ሰምቶ እምቢ ካለ አትቀየመው። እምቢ ያለው ስለ ልጆቹ አስቦ ነው፤ በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ፊት አትንሣው።

6. ንብረት ለማቅረብ ከሆነ በልኩ አስቡት። ገቢዋ ጥቂት ከጎደለ በንብረት መሙላት ይቻላል፤ ዜጋ ከሆነች የጎደለውን ሦስት እጥፍ፣ ባለ ግሪን ካርድ ከሆነች አምስት እጥፍ። 4,000 ከጎደላት በአንደኛው 12,000፣ በሁለተኛው 20,000 ዶላር ማለት ነው። ንብረቱ ያለ ከባድ ኪሳራ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጥ መሆን አለበት። የምትነዳው አንድ መኪና አይቆጠርም፣ ሌላ መኪና ካላት እንጂ።

አባትህ "የእኔ ቤትስ?" ብለዋል አሉ። ልባቸው ነው የተናገረው፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፤ ቤቱ ቢሸጥም ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ ከአገር ማውጣት እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በዶላር ሲመነዘር ዋጋው በብር የሚሰማውን ያህል አይሆንም። ከዚያም በላይ ቤቱ የአባትህ እንጂ ያንተ ወይም የእሷ አይደለም። ተዋቸው፣ ቤታቸው ይኑሩበት።

ዕቁቧን ግን አስቡበት። ዲሲ አካባቢ ያሉ ልጆቻችን ዕቁብ ይጥላሉ፤ ዕጣ ሲወጣላት በአንድ ቀን 15,000 ዶላር አካውንቷ ውስጥ ይገባል። የራሷ ላብ ነው፣ ግን ወረቀት የለውም። ቃለ መጠይቁ ሊደርስ ሲል ድንገት የገባ ገንዘብ ከየት መጣ ያሰኛል። በንብረትነት ለማቅረብ ካሰባችሁ ዕጣውን ቀደም ብላ ትውሰድና ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ይክረም፤ የዓመቱ የባንክ መግለጫ ያኔ ራሱ ያስረዳል።

7. ደላላ አጠገብህ አይድረስ። አዲስ አበባ ስትገባ የባንክ ደብዳቤ የሚሠራልህ፣ የሚከራይ ስፖንሰር የሚያገናኝህ ሰው ይመጣል። በሐሰተኛ ሰነድ የተያዘ ሰው ከዚያ ቪዛ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ ለዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችላል። ገቢ ጎደለ ተብሎ የተመለሰ ሰው ሌላ ዋስ አምጥቶ ይገባል። ዋሽቶ የተያዘው የሚጠይቀው ምሕረት ከባድና ረጅም ነው።

8. አንተም ባዶ እጅህን አይደለህም። ሕጉ አንድ ሰው የመንግሥት ሸክም ይሆን እንደሆን ሲመዝን ዕድሜውን፣ ጤናውን፣ የቤተሰብ ሁኔታውን፣ ንብረቱን፣ ትምህርቱንና ሙያውን ያያል። በአስጎብኚነት ያገኘኸው ገቢ ከዚህ ስትሄድ ስለሚቋረጥ አይደመርልህም። የተማርኸው ግን አብሮህ ይሄዳል። የአስጎብኚነት ፈቃድህን፣ የኮሌጅ ዲፕሎማህን፣ የቋንቋ ሰርተፊኬትህን ያዝ። ስንት ዓመት ለስንት አገር ሰው ስለ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በእንግሊዝኛ ስታስረዳ ኖረሃል፤ እዚያ ምን ልትሠራ እንዳሰብህ ሲጠይቁህ በዚያው አንደበት በግልጽ ንገራቸው። "የተገኘውን" አትበል፤ ሥራ ስም አለው።

9. አዲስ አበባ ቀድመህ ግባ። በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆንም በረራው በተቋረጠበት፣ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደውም መንገድ በተዘጋበት ጊዜ የቀረ ሰው አለ። የጤና ምርመራው ኤምባሲው በሚያውቃቸው ሐኪሞች ብቻ ነው የሚደረገው፤ ኤክስሬይህ አጠራጣሪ ሆኖ የአክታ ካልቸር ከታዘዘ ውጤቱ ሁለት ወር ያህል ይወስዳል። ለዘመድ ቤት ማደሪያህም ለምርመራውም ገንዘብ አስቀድመህ ያዝ፤ ለመጨረሻው ሳምንት እንደገና ከእሷ አትጠይቅ። ከመነሣትህም በፊት የኤምባሲውን ማስታወቂያ አንብብ፤ የቪዛ አሠራር በአንድ ደብዳቤ የሚለወጥበት ጊዜ ነው።

10. መስኮቱ ላይ አጭር መልስ ስጥ፣ ወረቀቱ ይናገር። ስንት ታገኛለች ሲሉህ የዓመቱን ቁጥር በል። ጆይንት ስፖንሰራችሁ ማን እንደሆነ፣ ለእሷ ምኗ እንደሆነ፣ ለምን እንደፈረመ እወቅ። የማታውቀውን "አላውቅም" በል።

"ተጨማሪ ማስረጃ አምጣ" የሚል ደብዳቤ ቢሰጡህ አትደንግጥ፣ ለሰፈሩም ሁሉ "ተከለከልሁ" ብለህ አትደውል። የተጠየቀውን ለማቅረብ የአንድ ዓመት ጊዜ አለህ። ደብዳቤውን ቃል በቃል አንብበው፤ ትራንስክሪፕት ካለ ትራንስክሪፕት፣ አዲስ ስፖንሰር ካለ አዲስ ስፖንሰር ነው የሚፈልጉት፤ ሌላ ክምር አትላክ። ዓመቱ ካለፈ ግን እንደ አዲስ ትጀምራለህ፣ ክፍያውም እንደገና ነው።

11. ደርሰህም አይርሳህ። ተጋብታችሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላችሁ ከገባህ የሚሰጥህ ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ነው፤ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አብራችሁ ማመልከት አለባችሁ። የጋራ የባንክ ሂሳባችሁን፣ በጋራ የሞላችሁትን ታክስ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በአንድ ፋይል አስቀምጡ። እሷ የገባችልህን ዋስትና የሚያወርደው 40 ሩብ ዓመት ደግሞ ከመጀመሪያ ደመወዝህ ጀምሮ ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ሩብ ዓመት የሚያዘው 1,810 ዶላር ሲሠራ ነበር፣ በዓመት ከአራት አይበልጥም። በትዳር ሳላችሁ እሷ የሠራችውም ላንተ ይቆጠርልሃል።